ከራዳር ወደ ማእድ ቤት፦ የማይክሮዌቭ ምድጃ ታሪክና የምግቦች ፍርድ



በውጭ አገር ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ በጋራ ማእድ ቤታችን አንድ ማይክሮዌቭ ነበር። የቀዘቀዘውን ሽሮ በሁለት ደቂቃ ያፈላልን ነበር፤ እንጀራው ግን ለአፍታ ከለሰለሰ በኋላ እንደ ቆዳ ይደርቅብን ነበር። ያን ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር። የቴክኖሎጂን ታሪክ ማጥናት ስጀምር ግን ጥያቄው ከእኔ ሳህን የሰፋ መሆኑን ተረዳሁ። ሁሉን ምግብ ያበስላል ተብሎ የመጣ መሣሪያ ስለ ምን በአብዛኛው ማሞቂያ ሆኖ ቀረ? የዛሬው ንግግሬ ይህን ይመለከታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመሣሪያው ልብ ማግኔትሮን ይባላል። በ1940 ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ኃይለኛ ማይክሮዌቭ የሚያመነጭ ማግኔትሮን ሠሩ፤ ዓላማውም ለራዳር ነበር። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ልዑካን መሣሪያውን ወደ አሜሪካ ወሰዱት፤ በብዛት ካመረቱት ኩባንያዎችም አንዱ ሬይቲዮን ነበር። በዚያ ይሠራ የነበረው ፐርሲ ስፔንሰር በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰው ነው።

በ1945 ስፔንሰር በሚሠራ ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ በኪሱ የነበረው ጣፋጭ ቀለጠ ይባላል። ይህ ትረካ ብዙ ጊዜ የፈጠራው መነሻ ተደርጎ ይነገራል፤ እኔ ግን በዚህ ላይ ጥያቄ አለኝ። የሬዲዮ ሞገድ ምግብን እንደሚያሞቅ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ በ1933 በቺካጎ የዓለም ትርኢት ላይ የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ሥጋና ድንች በሬዲዮ ሞገድ አብስሎ አሳይቷል። ስለዚህ የስፔንሰር ድርሻ የጣፋጩ መቅለጥ ብቻ አይደለም፤ ልዩ ልዩ ምግቦችን በየተራ በሞገዱ ፊት አቅርቦ መመርመሩ ነው።

በቆሎ አቀረበ፤ ፈንዲሻ ሆነ። እንቁላል አቀረበ፤ እንደሚተረከው ፈንድቶ በተመልካቹ ፊት ላይ ተረጨ። አንዱ ስኬት፣ ሌላው ውድቀት ይመስላል፤ ምክንያታቸው ግን አንድ ነው። ሞገዱ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ በፍጥነት ያሞቃል፤ ውሃው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም መውጫ ሲያጣ ሽፋኑን ይሰነጥቃል። በቆሎው ሲፈነዳ ይበላል፤ እንቁላሉ ሲፈነዳ ይጠረጋል። ድንችን በሹካ ወጋ ወጋ አድርጎ ማስገባት የተለመደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስፔንሰር በጥቅምት 1945 የፓተንት ማመልከቻ አስገባ፤ ፓተንቱም በ1950 ተሰጠው። በ1947 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ምድጃ ግን የሰው ቁመት ያህል ርዝመትና 340 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ነበረው፤ ለማቀዝቀዣው የውሃ ቧንቧ ያስፈልገው ነበር፤ ዋጋውም በሺህ ዶላር የሚቆጠር ነበር። በ1955 ታፓን ለቤት የሚሆን ምድጃ በ1,295 ዶላር አወጣ። መሣሪያው በእርግጥ ወደ ቤት የገባው ግን አማና በ1967 ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን በ495 ዶላር ካቀረበ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ታሪኩን የጻፉት መሐንዲሶች ብቻ አይደሉም፤ ምግቦቹና አብሳዮቹም ጭምር ናቸው። ለማይክሮዌቭ የተዘጋጁ የምግብ መጻሕፍት ጥብሱንም ኬኩንም በዚሁ ምድጃ እንዲሠራ ይመክሩ ነበር። ሆኖም ውሃ ከ100 ዲግሪ ገደማ በላይ ሳይሞቅ ይተናል፤ ሥጋን የሚያቀላውና ለዳቦ ቅርፊት የሚሰጠው ለውጥ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። አትክልት፣ ሾርባና ወጥ ስለዚህ ፈተናውን አለፉ፤ ጥብስና ዳቦ ወደቁ። የእኛም ማእድ ቤት ይህን ፍርድ ያጸናል። የወጥ መሠረት የሆነው ቁሌት ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ እስኪቀላ ድረስ መቁላላት አለበት፤ እንጀራም ዓይን የሚያወጣው ከሥሩ በጋለ ምጣድ ነው። ማይክሮዌቭ ሁለቱንም አይሰጥም፤ የተሠራውን ግን ያሞቃል፤ እንጀራውንም በእርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ቢሸፍኑት ልስላሴውን ይጠብቃል።

ተማሪዎቼ ከዚህ አንድ ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እወዳለሁ። የአንድን መሣሪያ ታሪክ ስትጽፉ በፈጣሪው ስምና በፓተንቱ ቀን አታቁሙ። ቀጥሎ ማን ተጠቀመበት? ለምን ነገር እሺ፣ ለምን ነገር እምቢ አለ? ብላችሁ ጠይቁ። በማእድ ቤት እንቁላሉን ከግድግዳ ላይ የጠረጉት፣ እንጀራውን በእርጥብ ጨርቅ የሸፈኑት ሰዎች ስማቸው በመዝገብ አልሰፈረም፤ መሣሪያው ዛሬ የያዘውን ቦታ የወሰኑት ግን እነርሱ ናቸው። እነርሱን የዘነጋ የቴክኖሎጂ ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው።