ቁልቁለታማ የመሣሪያ አቀራረብ

ቁልቁለታማ የመሣሪያ አቀራረብ የሚባለው፣ ደመና ወይም ጭጋግ መሬቱን በሸፈነበት ሰዓት አውሮፕላን በሬዲዮ ጨረር ወይም በሳተላይት እየተመራ ከተለመደው በላቀ ማዕዘን ወደ ማኮብኮቢያ የሚወርድበት ስልት ነው። በአብዛኞቹ አውሮፕላን ማረፊያዎች የመውረጃው ማዕዘን 3 ዲግሪ ሲሆን፣ ይህም በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ 52 ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ነው፤ በአውሮፓ ደንብ 4.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነው ቁልቁለታማ ተብሎ ስለሚመደብ አውሮፕላኑም አብራሪዎቹም የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል።

ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነው በደቡባዊ ስዊዘርላንድ በአልፕስ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው የሉጋኖ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ማኮብኮቢያው ከ1,500 ሜትር ያጠረ ሲሆን፣ ከደቡብ በኩል የሚመጣ አውሮፕላን የሚከተለው ጨረር 6.65 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አውሮፕላን በ3 ዲግሪ ሲወርድ በሰከንድ ከ3 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ከፍታ ይቀንሳል፤ በሉጋኖ ግን ከ7 ሜትር በላይ ይቀንሳል። አብራሪው ማኮብኮቢያውን ከወትሮው በተለየ ከላይ ወደ ታች የሚያየው ሲሆን፣ ቁልቁለቱን ለማቅናት አፍንጫውን ቀና የሚያደርግበት ቅጽበትም አጭር ነው፤ ከዘገየ ጎማው መሬቱን በኃይል ይመታል፣ ከቸኮለ ደግሞ አጭሩ ማኮብኮቢያ እየተንሳፈፈ ያልቅበታል። መሬት መቃረብን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ በተለመደው አሠራሩ እንዲህ ያለውን አወራረድ እንደ አደጋ ቆጥሮ «ሲንክ ሬት» (የመውረድ ፍጥነት) እያለ ሊጮህ ስለሚችል፣ ለዚሁ ተግባር የተፈቀደ አውሮፕላን የማስጠንቀቂያውን ገደብ የሚያስተካክል ቅንብር ይኖረዋል።

ዋናው ችግር የፍጥነት ጉዳይ ነው። ቁልቁለት አውሮፕላኑን ስለሚያፈጥነው አብራሪው የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፤ ጉልበቱ እጅግ የተቀነሰ የጄት ሞተር ግን ዳግም ለመነሣት ሰከንዶችን ስለሚወስድ፣ ማረፉን ትቶ ማሻቀብ ባስፈለገ ጊዜ ይዘገያል። ስለዚህ የሚመረጠው ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ከመቀነስ ይልቅ የአየር ግጭትን መጨመር ነው፤ ቢኤኢ 146 የተባለው አውሮፕላን በጭራው ላይ እንደ አበባ የሚከፈት ፍሬን ያለው ለዚህ ነው።

ከፍታ ራሱም ጫናውን ያባብሳል። በአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ፣ አየሩ ስስ በመሆኑ የፍጥነት መለኪያው ያው ቁጥር እያሳየ እንኳ አውሮፕላኑ ከባሕር ወለል አጠገብ ከሚኖረው ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ ይጓዛል፤ አንድ ዓይነት ማዕዘን ቢከተልም በሰከንድ የሚወርደው ከፍታ በዚያው መጠን ይጨምራል።

ጨረር የሌለበት የተራራ አቀራረብ በደረጃ የሚወረድ ሲሆን፣ አብራሪው በየርቀቱ ከተወሰነ ከፍታ በታች እንዳይወርድ ይጠበቃል። በኔፓል ካትማንዱ በመስከረም 1992 እ.ኤ.አ. የፓኪስታን ዓለም አቀፍ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ300 እያንዳንዱን ደረጃ ቀድሞ በመውረዱ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 167 ሰዎች አልቀዋል። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ በዚያው ከተማ አቅራቢያ የታይላንድ ኤርባስ ኤ310 ማረፉን ከተወ በኋላ አቅጣጫውን ስቶ ወደ ሰሜን በመብረሩ 113 ሰዎች ሞተዋል። የታይላንዱ አውሮፕላን አደጋ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ምክንያቱም ተራራማ አቀራረብ የሚመዘነው በመውረጃው ብቻ ሳይሆን፣ ሳያርፉ በሚመለሱበት መንገድም ነው።

ለተራራማ አቀራረብ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች ትልቁ ቁልቁለቱን ማክረር ሳይሆን መንገዱን ማጥበብ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. አላስካ አየር መንገድ በአላስካ ግዛት በምትገኘው ጁኖ ከተማ የጀመረው አሠራር፣ አውሮፕላኑ በሳተላይትና በራሱ ኮምፒውተር እየተመራ የሸለቆውን ጠመዝማዛ እንዲከተል ያስችለዋል፤ ጥምዝ መንገድ ስለሚፈቀድም የመውረጃውን ማዕዘን ወደ 3 ዲግሪ ማቅረብ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ማረፉን የተወ አውሮፕላን በተለመደው ስሌት በኪሎ ሜትር ቢያንስ 25 ሜትር ሊያሻቅብ ይጠበቅበታል፤ ከፊቱ ተራራ ካለና አንድ ሞተሩ ቢጠፋ ያን ማሟላት ካልቻለ፣ አብራሪው ማኮብኮቢያውን ካላየ መመለስ ያለበት ከፍታ ወደ ላይ ይነሣል፣ በረራውም ጭጋጉ እስኪገፈፍ ይቆያል።