የሲንጋፖርን የመንገድ ዳር ምግብ ማን ሠራው?

ዛሬ ስለ አንድ ሩቅ ከተማ ምግብ ላጫውታችሁ ነው። ነገሩ ስለ ምግብ ይምሰል እንጂ ስለ እኛም ነው። ከተማዋ ሲንጋፖር ናት። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ1819 እንግሊዞች እዛ የንግድ ጣቢያ ከፈቱ። ወደቡ ሲከፈት ከደቡብ ቻይና፣ ከደቡብ ህንድ፣ ከጃቫና ከማሌይ አገር ሰው እንጀራ ፍለጋ ጎረፈ። አብዛኞቹ ቤተሰባቸውን ትተው የመጡ ወንዶች ነበሩ። መርከብ ያራግፋሉ፣ ሸክም ይሸከማሉ። ኩሊ ነበር የሚባሉት፤ ቃሉን እኛም እናውቀዋለን። ማታ ብዙ ሆነው በአንዲት ጠባብ ክፍል ይተኛሉ። ማብሰያ ቦታ የለ፣ የሚያበስልላቸው የለ። ታዲያ የት በሉ? መንገድ ዳር ነዋ!

የሚያበስሉላቸውም እንደነሱ ስደተኞች ነበሩ። ሻጩ እንጨት በትከሻው ያደርጋል፤ በአንዱ ጫፍ ምድጃ፣ በሌላው ጫፍ ምግብና ሳህን ይንጠለጠላል። የኑድል ሻጭ ደግሞ ቀርከሃ በቀርከሃ እየመታ "ቶክ ቶክ" ያሰማል። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ድምፁን ሲሰማ ገንዘቡን በቅርጫት ያወርዳል፣ ምግቡን ይስባል። ሱቅ ለመከራየት አቅም ለሌለው ሰው ይሄ ትልቅ ሥራ ነበር።

አሁን የኛን ነገር ስሙ። ከቻይና ሃይናን ደሴት የመጡት ሰዎች ዘግይተው ስለደረሱ ጥሩ ጥሩው ሥራ ተይዞ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ በእንግሊዞችና በሀብታሞች ቤት ምግብ አብሳይና የቤት ሠራተኛ ሆኑ። ወንዶች ናቸው እንግዲህ! በኋላ የራሳቸውን ምግብ ቤት ከፈቱ። ዛሬ ሲንጋፖር ከሚታወቅባቸው ምግቦች አንዱ የሃይናን ዶሮ በሩዝ ነው፤ ሩዙ የሚበስለው በዶሮው መረቅና ስብ ነው።

በ1930ዎቹ ደግሞ ከቻይና ሹንዴ የመጡ ሴቶች በቤት ሠራተኛነት ይታወቁ ነበር። ነጭ ሸሚዝ በጥቁር ሱሪ ይለብሳሉ፣ ብዙዎቹ ላለማግባት የማሉ ናቸው። ለቤተሰብ ገንዘብ ይልካሉ፣ አዋጥተውም ክፍል ይከራያሉ፤ ሥራ የለቀቀች የምታርፍበት ማለት ነው። የኛን ማኅበር አይመስልም?

ከእናንተ ውስጥ ሳዑዲ የሠራ ሙጠበቅን ያውቃል፤ ስስ ሊጥ ተዘርግቶ ሥጋ፣ እንቁላልና ሽንኩርት ተደርጎበት የሚታጠፈው። ሲንጋፖር ውስጥም የህንድ ሙስሊሞች ይሸጡታል፣ "ሙርታባክ" ይሉታል። ስሙ አረብኛ ነው፣ የታጠፈ ማለት ነው። ምግብም እንደኛ ባሕር ተሻግሯል።

እኔ አሠሪዎቼ ለእረፍት ሲሄዱ ልጆቹን እንድይዝ ወስደውኝ ከተማዋን ለጥቂት ቀን አይቻታለሁ። እግራችሁ ከደረሰ ሊትል ኢንዲያ ሰፈር ያለው ቴካ ሴንተር ግቡ። ጠረጴዛ ላይ የሶፍት ፓኬት ካያችሁ ቦታው ተይዟል ማለት ነው፤ አታንሱት። ለጾመኛ "ቶሳይ" አለላችሁ፤ ሩዝና ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ሊጡ እንደ እንጀራ ቦክቶ የሚጋገር ነው። ቅቤ እንዳይቀባው ብቻ ንገሩት። ሙስሊም እህቶች ሐላል የሚለውን ምልክት እዩ።

እንዲህ በሥርዓት ከመሆኑ በፊት ግን ሻጮቹ ብዙ ተሳደዋል። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ይሮጣሉ፣ የተያዘ ጋሪው ይወሰድበታል። መንግሥትም ምክንያት ነበረው፤ ንጹሕ ውሃ ስላልነበረ ኮሌራና ታይፎይድ ይፈራ ነበር፣ ቆሻሻውም ወንዝ ውስጥ ይገባ ነበር። ነገር ግን ዝም ብሎ ማባረር አልበቃም። በ1968 እና በ1969 ወደ 18,000 የሚሆኑ የመንገድ ሻጮች ተመዘገቡ። ከዚያ ከ1971 እስከ 1986 ውሃ፣ መብራትና የቆሻሻ መውረጃ ያላቸው የምግብ ማዕከላት ተሠርተው ሻጮቹ እዛ ገቡ። ዛሬ ማዕከላቱ ከ100 በላይ ናቸው። በታኅሣሥ 2020 ዩኔስኮ ይሄን ባህል በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ላይ መዘገበው።

ይሄ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛሬ በነዚያ ማዕከላት ቦታ የሚሰጠው ለዜጋና ለቋሚ ነዋሪ ብቻ ነው። በሥራ ፈቃድ የመጣችው ኢንዶኔዥያዊት ወይም በርማዊት የራሷን ምግብ እዛ ልትሸጥ አትችልም። የትናንቱ ስደተኛ ምግብ ቅርስ ተባለ፣ የዛሬው ስደተኛ ግን ገዢ ብቻ ነው። የቤት ሠራተኛ በሳምንት የእረፍት ቀን እንዲኖራት ሕግ የወጣው እንኳን ከ2013 ጀምሮ ለተሰጡና ለታደሱ የሥራ ፈቃዶች ነው።

ሌላው ያሳሰበኝ ስም ነው። ዶሮው የደሴቱን ስም ይዞ ቀረ፤ በሰው ቤት ሲያበስሉ የኖሩትን ሰዎች ስም ግን ማን ያውቃል? እኛም ማዳም ቤት ሽሮና ምስር ወጥ ስንሠራ "የሀበሻ ሾርባ" ተብሎ እንዳያልፍ በስሙ እንጥራው። ልጆቹም በስሙ ይልመዱት። በእረፍት ቀን ስንገናኝ ደግሞ ማን ምን ምግብ እንደምትሠራ፣ ከማን እንደተማረች አንድ ደብተር ላይ ከነስማችን እንጻፍ። ደብተሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

በሰላም ያገናኘን።