ስለ ገና ጌጥና ስለ ሠሩት እጆች

በአውሮጳና በአሜሪካ ለገና ቤታቸውን በጥንቱ ዐይነት ጌጥ ማስጌጥ የሚወዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ ይህን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ጌጡን ከመስቀል አስቀድሞ ማን እንደ ሠራው መጠየቅ ይገባል እላለሁ።

ጥዱን ማስጌጥ የጀርመኖች ልማድ ነበር፤ ቀድሞም የሚንጠለጠልበት ፖም፣ ለውዝና ብስኩት ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1848 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ አልበርት ከልጆቻቸው ጋራ በዛፉ ዙሪያ የሚታዩበት ሥዕል በለንደን ጋዜጣ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ቤተሰብ ሁሉ ይከተላቸው ጀመር።

የመስተዋቱ ኳስ ግን ከቤተ መንግሥት አልመጣም። በቱሪንጊያ ተራሮች መካከል ላውሻ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያ አባት በእሳት የለሰለሰውን መስተዋት በእስትንፋሱ ይነፋ ነበር፤ እናትና ልጆች ውስጡን ብር ባለበት ፈሳሽ ያለቀልቁ፣ ውጭውን ቀለም ይቀቡ ነበር። መኖሪያ ቤታቸው ራሱ የሥራ ቦታ ነበርና ሕፃናቱም ከሥራው አያመልጡም ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአሜሪካው ነጋዴ ዉልዎርዝ ይህን ዕቃ በርካሽ እየሸጠ እጅግ አተረፈበት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ዕቃ ወደ አሜሪካ መግባቱ ቀረ። በዚያው አገር ፋብሪካ የተሠሩትም ኳሶች ብሩ ስለ ታጣ ሳይለበጡ ወጡ፤ ጥቂት የቀለም መስመር ብቻ ተሰመረባቸው፣ የብረት ክዳናቸውም በካርቶን ተተካ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ይህንኑ የችግር ዘመን ጌጥ እየፈለጉ ይገዙታል። እኔም ከሚያብረቀርቀው ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ፤ የገዛው ሰው ግን ካርቶኑን በብረት እንዳይለውጠው አደራ እላለሁ።