ራሊ

ራሊ ሲባል ብዙ ሰው መኪኖች ጎን ለጎን ሲሽቀዳደሙ ይታየዋል። አይደለም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ፍቺው «ዳግም መሰባሰብ» ነው፤ በ1911 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የመጀመሪያው የሞንቴ ካርሎ ራሊ ተወዳዳሪዎቹ ከተለያዩ የአውሮፓ ከተሞች ተነስተው አንድ ቦታ ተገናኝተዋል።

ዛሬ መኪኖቹ በደቂቃዎች ልዩነት አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። ፉክክሩ ከሰዓት ጋር ነው፤ የየቀኑ ሰዓት ተደምሮ ያነሰው ያሸንፋል። ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ረዳት ቀጣዩን ኩርባ ከደብተር እያነበበ ይነግረዋል። እኔ ከሹፌሩ ይልቅ የማደንቀው እሱን ነው፤ አንድ መስመር ከዘለለ መኪናው ገደል ሊገባ ይችላል።

የጎረቤታችን የኬንያ ሳፋሪ ራሊ በ1953 ተጀመረ። የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ስላለች አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የሰየምንላት ሜክሲኮም የራሷ ራሊ አላት፤ በ2004 ወደ ዓለም ሻምፒዮና የገባው ይህ ውድድር በኮረኮንች መንገድ ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ ይወጣል። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ጉልበት ያጣል። የእንጦጦን ዳገት የወጣ ሹፌር ይህን በደንብ ያውቀዋል።

የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ሆይ፣ «የመኪና ሽቅድድም» ብላችሁ አትለፉት፤ ራሊ ብላችሁ ጻፉት።