ሸይኽ በክሪ ሳጳሎ እና ፊደላቸው

የዑለማዎቻችን ታሪክ ሲነሳ ስንት ኪታብ እንዳቀሩ፣ ስንት ደረሳ እንዳወጡ ይነገራል። ለቋንቋ የደከሙት ግን ብዙ አይወሱም። የሐረርጌው ሸይኽ በክሪ ሳጳሎ ከእነዚህ አንዱ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።

ስማቸው አቡበከር ጋራድ ዑስማን ነው፤ ሳጳሎ የቦታ ስም ነው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በዐረብኛ ኪታብ ጽፈዋል፤ ሕዝቡ የወደዳቸው ግን በኦሮምኛ ግጥማቸው ነው።

ታዲያ ግጥሙ በምን ፊደል ይጻፍ? እኔ በመድረሳ ሳለሁ የአማርኛ መንዙማ በዐረብኛ ሆሄ እንጽፍ ነበር። ለ«ጨ» እያንዳንዱ ደረሳ የራሱን ነጥብ ስለሚጨምር አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ ያቅተው ነበር። የኦሮምኛው ከዚህ ይብሳል። ዐረብኛ «ኦ» የሚባል ድምፅ የለውም። በግዕዝ ፊደል ደግሞ «ነገ»ም «ድፍርስ»ም እኩል «ቦሩ» ተብለው ይጻፋሉ፤ የሚለያቸው የድምፁ ማጠርና መርዘም ነው። «መጥፎ»ና «ደጋ»ም ሁለቱም «በዳ» ናቸው፤ አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይጠብቃል። ሸይኹ እ.ኤ.አ. በ1956 ገደማ ለቋንቋው የሚስማማ አዲስ ፊደል ከራሳቸው አውጥተው ለደረሶቻቸው አስተማሩ።

ፊደሉ ከሰው ሰው መተላለፍ ሲጀምር የንጉሡ ሹማምንት ሰጉና ከለከሉት። ሸይኹም በድሬዳዋ ከተማ ለዓመታት ታግደው ኖሩ። እዚያም ሆነው በኦሮሞ ሕዝብ ላይ የደረሰውን በደል ከመጻፍ አልቦዘኑም። ንጉሡ ወርደው ደርግ ቢተካም እፎይታ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ1978፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ። ጽሑፎቻቸውን እዚያ ለማሳተም ተስፋ ነበራቸው፤ አልሆነላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1980 ሂራን ውስጥ በስደተኞች ሰፈር ታመው ወደ አኼራ ሄዱ።

በዓመቱ ሪቻርድ ሄይዋርድና ሙሐመድ ሐሰን ፊደሉን በለንደን የምርምር መጽሔት ላይ አስተዋወቁት። እ.ኤ.አ. በ1991 ለኦሮምኛ የተመረጠው ግን በላቲን ሆሄ የሚጻፈው ቁቤ ነው። ስለዚህ የሸይኹ ድካም ከንቱ ቀረ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ቁቤ ረጅሙን ድምፅ ሆሄ ደግሞ ይጽፋል፤ የሚጠብቀውንም እንዲሁ። ቋንቋው የራሱን ልክ የሚሰፍር ፊደል ይሻል ብለው ሸይኹ ቀድመው ተነስተዋል።

የሐረርጌ ተወላጅ የሆናችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከአያቶቻችሁ ኪታቦች መካከል የማታውቁት ጽሕፈት ያለበት ወረቀት ካገኛችሁ፣ ዐረብኛም ግዕዝም አይደለም ብላችሁ አትጣሉት። ወደ መስጊዱ አምጡትና አብረን እንየው።