አዋጁ ሲመጣ ነጋዴው ነበረ

ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በየካቲት 1982 ዓ.ም. መጨረሻ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲን ሲያውጁ፣ አርዓያ ያደረጓት ሶቪየት ኅብረት ልትፈርስ የቀራት ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ ነበር። ገበሬው በግዴታ እህል የሚያስረክብበት የኮታ አሠራር ቀረ፤ እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳይንቀሳቀስ ያገደው የኬላ ቁጥጥርም ተነሣ። የእህል ዋጋን ያጠኑ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ገበያዎች መካከል ያለው የዋጋ ትስስር እየጠነከረ መምጣቱን አሳይተዋል። ሩሲያ ግን እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1992 ዋጋን ነፃ ስታደርግ፣ በዚያው ዓመት የዋጋ ደረጃው ከ20 እጥፍ በላይ አሻቀበ፤ የጡረተኛው ቁጠባም ብን ብሎ ጠፋ። ሁለቱም አገሮች ከዕዝ ኢኮኖሚ ወጥተዋል፤ ሁለቱም ነፃ ገበያን በአዋጅ ፈቅደዋል። ውጤቱን ያራራቀው አንዱ ዐቢይ ምክንያት አዋጁ ሲመጣ የሚቀበለው ነጋዴ መኖር አለመኖሩ ነው። ለዚህ ከጉራጌ ከተሞቹ ከወልቂጤና ከቡታጅራ የተሻለ ማስረጃ በቀላሉ አይገኝም።

የጉራጌ ነጋዴ ታሪክ የሚጀምረው ከእንሰት ጓሮ ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ እንሰት ግን በትንሽ መሬት ላይ ብዙ ሰው ይመግባል፣ ድርቅንም ከእህል ይልቅ ይችላል። አገሩ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ ግብር በጥሬ ገንዘብ መክፈል ግድ ሲሆን፣ ወንዱ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ወጣ፤ ቤተሰቡ ጓሮውን እየጠበቀ ቆየ። ከተማ የወጣው ሰው ቢከስር ቤት ውስጥ ቆጮ አለ፤ ቢያተርፍ ለመስቀል ይዞ የሚገባው ገንዘብ አለ። ይህ አደረጃጀት በንግድ ለሚደፍር ሰው እንደ መድን ዋስትና አገልግሏል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለአገሬው ሕዝብ ብሎ የከለለው መርካቶ ከነፃነት በኋላ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ ሲሆን፣ በሊስትሮና በሱቅ በደረቴ የጀመሩ ብዙዎች ባለ ሱቅ፣ ከዚያም አስመጪ የሆኑት በዚህ መሠረት ላይ ቆመው ነው።

ነጋዴው ያጠራቀመው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ተቋምም ገንብቷል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባና በገጠር ያሉ ጉራጌዎች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ከየቤቱ መዋጮ ሰብስበው፣ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋር ወጪ እየተጋሩ መንገድ አሠርተዋል። ጄኔራል ወልደሥላሴ በረካ ከዚህ እንቅስቃሴ ግንባር ቀደም መሪዎች አንዱ ነበሩ። ከዓለምገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው መንገድም ሕዝብ በማኅበር ተደራጅቶ የገፋበት ሥራ ነው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ፣ ቡታጅራ በሶዶ መንገድ ላይ የገበያ ማዕከል ሆነው ያደጉት መኪና ስለደረሰባቸው ነው። የማረቆ በርበሬ ወደ ቡታጅራ ወጥቶ በጥቂት ሰዓት መርካቶ ሲገባ፣ ገበሬው የሸማቹን ከተማ ዋጋ መስማት ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ስለ ነፃ ገበያ የወጣ አንድም አዋጅ አልነበረም።

ደርግ ይህን መሠረት ሊያፈርሰው ሞክሯል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተወረሱ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የግል ባለሀብትን ካፒታል በቸርቻሪነት ከ200 ሺሕ፣ በጅምላ ንግድ ከ300 ሺሕ፣ በኢንዱስትሪ ከ500 ሺሕ ብር እንዳይበልጥ ገደበው። በዚሁ ወቅት የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ደግሞ የእህል ነጋዴው ከገዛው ላይ እስከ ግማሽ፣ በአንዳንድ አካባቢ ከዚያም በላይ፣ በመንግሥት ዋጋ እንዲያስረክብ አደረገ። ነጋዴው «አሻጥረኛ» እየተባለ ተወገዘ። ይሁን እንጂ ዕቁቡ አልተወረሰም፤ የዘመድ አደራ አልተወረሰም፤ ማን ቃሉን እንደሚያከብር የሚያውቅ ገበያተኛም አልጠፋም። ኢትዮጵያ በዕዝ ኢኮኖሚ የቆየችው 17 ዓመት ግድም ነው። በ1966 ዓ.ም. ሱቅ የነበረው ሰው በ1983 ዓ.ም. በሕይወት ነበረ፤ ለልጁም ሙያውን አስተምሯል። በሩሲያ ግን 70 ዓመት አለፈ፤ ነጋዴ አያት ያለው ሰው ቢኖር እንኳ ስሙን የሚያነሣው በፍርሃት ነበር።

የሽግግር መንግሥቱ በመስከረም 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር የሚመነዘርበትን ተመን ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ከፍ ሲያደርግ፣ ከፍተኛውን የጉምሩክ ቀረጥም ከ230 በመቶ ወደ 80፣ ቆይቶም በ1995 ዓ.ም. ወደ 35 በመቶ ሲቀንስ፣ ዕድሉን ፈጥነው የተጠቀሙት እነዚህ የንግድ መረቦች ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ በሕግ ሲፈቀድ አዋሽ ባንክ በ1987 ተመሠረተ፤ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ 717 ባለአክሲዮኖች ንብ ባንክን አቋቋሙ። ለብዙ ዘመን በዕቁብ ገንዘቡን ለሌላ ሰው ማመን የለመደ ማኅበረሰብ አክሲዮን መግዛትን እንደ ባዕድ ነገር አላየውም። አዋጁ ፈቀደ፤ ሥራውን የሠራው ግን ከአዋጁ በፊት የነበረው መተማመን ነው።

ከሶቪየት ፍርስራሽ የወጡት አገሮች ታሪክ ይህንኑ በተቃራኒው ያረጋግጣል። የነፃ መንግሥታት ኮመንዌልዝ አባላት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 የነፃ ንግድ ቀጣና ስምምነት ፈረሙ፤ ሩሲያ ግን አላጸደቀችውም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደገና ሌላ ስምምነት መፈረም አስፈለገ። በመካከሉ፣ በ2006፣ ሞስኮ የጆርጂያንና የሞልዶቫን ወይን ጠጅ ከገበያዋ አገደች። ወይን ጠጃቸው በአንድ ገዢ ላይ የተንጠለጠለባቸው ገበሬዎች ፊርማው አላዳናቸውም። ቢሽኬክ ያለው የዶርዶይ ገበያ ግን ከዕቃ ማጓጓዣ ኮንቴይነሮች ተገጣጥሞ በነጋዴዎች እጅ አደገ፤ የቻይናን ዕቃ ለመካከለኛው እስያ እያከፋፈለ ብዙ ሺሕ ቤተሰብ አኖረ። ኪርጊዝስታን እ.ኤ.አ. በ1998 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል የሆነችው ካመለከተች ሦስት ዓመት ሳይሞላ ነው። በ2015 የዩራሲያ ኢኮኖሚ ኅብረትን ስትቀላቀል ግን ከቻይና በሚገባው ዕቃ ላይ ቀረጡ ጨመረና የዶርዶይ የማከፋፈል ሥራ ተዳከመ። የንግድ ስምምነት ከሕዝቡ እውነተኛ ንግድ ጋር ካልተስማማ ሊጎዳም እንደሚችል ይህ ያሳያል።

በዚህ ክርክር ላይ ሦስት ጠንካራ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ በዘመድና በአገር ልጅ ላይ የቆመ ንግድ ሌላውን ያገላል የሚለው ነው። እውነትነት አለው፤ እምነት በትውውቅ ብቻ ሲወሰን እንግዳው ደጅ ይቀራል። መድኃኒቱ ግን ፈጣን ፍርድ ቤትና ለማንም እኩል የሚያበድር ባንክ ነው እንጂ መረቡን መበጣጠስ አይደለም። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1995 የመንግሥትን ትልልቅ ኩባንያዎች በብድር መያዣ ስም ለጥቂቶች ስታስተላልፍ የፈጠረችው ሀብት ከላይ የተሰጠ ነው፤ የቡታጅራው ነጋዴ ሀብት ግን በብዙ ተፎካካሪ መካከል ከታች የተለቀመ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ የ1985ቱ ለውጥ አስመጪውን ሲያበለጽግ ፋብሪካውን ጎዳ፤ ልባሽ ጨርቅ የጨርቃጨርቅ ኢንዱስትሪውን ገበያ ተሻማ የሚለው ነው። ይህም ትክክል ነው። ነጋዴው መረብ ነበረው፤ አምራቹ ግን በቂ ብድርም አስተማማኝ መብራትም ሳይኖረው በሩ ተከፈተበት። ተቃውሞው የእኔን ነጥብ ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። ሦስተኛው፣ ያደጉት አገሮች ያደጉት በመንግሥት መሪነት ነው፤ ሩሲያም ከእኛ ጋር የማትነጻጸር የኢንዱስትሪ አገር ነበረች የሚለው ነው። የኢኮኖሚው መዋቅር ልዩነት እውነት ነው፤ መንግሥትም እጅግ ያስፈልጋል። የጉራጌ መንገድ የሚያሳየው ትክክለኛውን ሚናውን ነው፦ ሕዝቡ የጀመረውን መደገፍ፣ ሕዝቡ የማይችለውን መጨመር።

ይህ ታሪክ ዛሬ አስቸኳይ ሆኗል። ኢትዮጵያ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናን ስምምነት በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኪጋሊ ፈርማለች፤ በ2011 ዓ.ም. ፓርላማው አጽድቆታል። ለዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት በጥር 1995 ዓ.ም. አመልክታ፣ ድርድሩ ሁለት ዐሥርት ዓመታትን ተሻግሯል። በ2016 ዓ.ም. የአስመጪነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። መክፈቱ ስሕተት ነው አልልም፤ ያለ ውድድር የቆየ ንግድ ሸማቹን እንደሚበዘብዝ ይታወቃል። ነገር ግን በርካሽ ወለድ የሚበደር የውጭ ኩባንያና በዕቁብ የሚነግድ የወልቂጤ ባለሱቅ በአንድ መስመር ላይ ቆመው ሲወዳደሩ፣ ሕጉ እኩል ቢላቸውም አቅማቸው እኩል አይሆንም። የማረቆ በርበሬም ቀረጥ ስለተነሣለት ብቻ ጎረቤት አገር አይገባም፤ በአግባቡ ደርቆ፣ የአፍላቶክሲን መጠኑ በቤተ ሙከራ ተለክቶ፣ የኢትዮጵያ ምርት መሆኑ በሰነድ ተረጋግጦለት መሆን አለበት። ይህን ሁሉ አዲስ አበባ ድረስ ተመላልሶ የሚጨርሰው ትልቁ ላኪ ነው፤ ትንሹ ነጋዴ ተስፋ ቆርጦ በደላላ ዋጋ ይሸጣል።

ስለዚህ የንግድ ተደራዳሪዎቻችን፣ የአካባቢው የክልል አስተዳደርና ባንኮቻችን አንድ ነገር ሊያስቀድሙ ይገባል፦ የጥራት መመርመሪያ ቤተ ሙከራ፣ መጋዘን፣ የላኪነት ሰነድ የሚሰጥ ቢሮና ያለ ቤት መያዣ የሚያበድር ባንክ ወልቂጤና ቡታጅራ ድረስ ይውረዱ። ነጋዴውም የመንገዱን ዘመን ያስታውስ፤ ያኔ መዋጮው መንገድ እንዳሠራ፣ ዛሬ የጋራ መጋዘንና የላኪዎች ማኅበር ሊያሠራ ይችላል። ስምምነት የሚፈርሙ መንግሥታት ናቸው፤ ስምምነቱን ወደ እንጀራ የሚለውጡት ግን ነጋዴውና ገበሬው ናቸው። እነሱን ሳያዘጋጁ የሚከፈት ገበያ ቀድሞ ለተዘጋጀው ለሌላው የሚከፈት ገበያ ነው።