መለዮ

መለዮ «ለየ» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ሲሆን አንዱን ከሌላው የሚለዩበት ምልክት ማለት ነው። በዕለት ንግግር ግን ቀድሞ ትዝ የሚለው የወታደርና የፖሊስ ቆብ ነው፦ ለስላሳው ወደ አንድ ጆሮ ጋደል ተደርጎ ይደፋል፣ ግንባሩ ላይ አርማ ይሰካበታል። ቀይ መለዮ ሲባል ኮማንዶ ይታሰባል።

ቃሉ ከራስ ላይ ወርዶ የደንብ ልብሱን በሙሉ፣ «መለዮ ለባሽ» ሲሆን ደግሞ ሰውየውን ራሱን ይጠራል። «መለዮውን አወለቀ» የተባለ ሰው ሠራዊቱን ለቋል እንጂ ራሱን አልተገለጠም።

የአዲስ አበባው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ለዚህ ቃል ሁነኛ ቦታ ነው። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ፣ ከሻለቃ ማዕረግ ያልበለጡ መለዮ ለባሾች እዚያ በነበረው የአራተኛ ክፍለ ጦር ጠቅላይ ሠፈር ተሰብስበው ደርግ የተባለውን ወታደራዊ ኮሚቴ መሠረቱ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረዱ። መለዮ ለባሽ የሚለው ቃል የፖለቲካ ክብደት ያገኘው በዚያ ዘመን ይመስላል።

እዚያው አጠገብ ባለው የአዲስ አበባ ስታዲየም የተጫዋቾች ልብስ «መለያ» ወይም «ማሊያ» ይባላል፤ መለዮ አይባልም።